አሳላፊው ከርከሮ

ተረት ተረት! የላሙን ለዛሬ ተዉትና «የዓሣ በረት» በሉኝ።

ከአንድ ሐይቅ በላይ፣ ዥረቱ ከሚመነጭበት ጉብታ ላይ፣ አንድ ጉረኛ ከርከሮ ይኖር ነበር። የምንጩን ዳር በክራንቻው ይምሳል፣ ውስጡ ይንከባለላል፣ ጉድፉንም እዚያው ይለቃል። ታች ሐይቁ ደፈረሰ፤ ዓሦች እንኳ ማሳል ጀመሩ።

የሐይቁ ቀማሽ እመት እንቁራሪት ነበረች። ጠዋት ጠዋት እሷ በመዳፏ ጨልፋ ሳትቀምስ ማንም አይጠጣም። አንድ ቀን ቀመሰችና «እትፍ!» ብላ፣ ዥረቱን ተከትላ ሽቅብ እየዘለለች ከርከሮ ደጅ ደረሰች።

«አያ ከርከሮ፣ ይኼ ውሃ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! ከደጄ አይደል እንዴ የሚወርደው? ሁላችሁንም የማጠጣ እኔ ነኝ!»

እንቁራሪት እጅ ነሳች። «እንግዲያው አሳላፊያችን አንተ ነህ። ወጉን ታውቃለህ፤ አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ነገ ጠዋት ሐይቁ ዳር እንጠብቅሃለን።»

ከርከሮ ቃሉን ለማጠፍ አፈረ። በማግስቱ አውሬው ሁሉ ተሰብስቦ እያየው አንድ ጉንጭ ተጎነጨ። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጭራው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ድገም እንጂ አያ ከርከሮ!» አለው ጉማሬ እየሳቀ። «የቤትህ ነው፣ ምን ያሳፍርሃል?»

ከዚያ ወዲህ ከርከሮ የሚንከባለለው ከምንጩ ርቆ፣ አቧራ ላይ ነው። ለመቅመስ ግን ጠዋት ጠዋት ጭራውን ቀጥ አድርጎ፣ እየተጎማለለ ይወርዳል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ፤ ግን መጀመሪያ እናንተ ቅመሱ!