አብሪ ትልና የአባ አስኳል መስኮት

ተረት ልክፈት? «ክፈቺ» በሉኛ! እኔ ሳትሉኝ አልከፍትም።

«ክፈቺ!»

እንዲህ ነው እንጂ። ከፈትኩ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ፉጨትህን ተውና ስማ።

ድሮ ድሮ ልላችሁ ነበር፤ ግን በጣም ድሮም አይደል፤ ስልክ በየሰዉ እጅ ከገባ ወዲህ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ እናት ነበሩ። እኚህ እናት አንዲት ስልክ ነበረቻቸው። በስልኳ ውስጥ ደግሞ አንድ አገር ነበር። አትሳቁ! ነበር ካልኩ ነበር።

አገሩ ሁለት ቦታ ነው። ውጭው ሰፊ ግቢ ነው፤ እዚያ እንስሳቱ ይኖራሉ። እናንተ መተግበሪያ ትሏቸዋላችሁ፤ እኔ እንስሳት ነው የምላቸው። ስልክ ሲደወል የምታቀብል እርግብ አለች። የጨዋታዋ እመት ጦጣ አለች። መብራት የምታስበራው ትንሿ አብሪ ትልም አለች፤ ግቢው አብሪ እያለ ነው የሚጠራት። የዛሬው ተረት የእሷ ነው።

መሃል ላይ የድንጋይ ቤት አለ። እዚያ ዕቃዎቹ ይኖራሉ፤ መብራቱ፣ ድምፅ ማጉያው፣ አንቴናው፣ አሮጊቷም ባትሪ። የሚጠብቋቸው አንድ አዛውንት ኤሊ ናቸው። እንደ እንቁላል አስኳል መሃል ላይ ስለሚኖሩ አባ አስኳል ይባላሉ። ዕቃዎቹን የሚነኩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤቱ በር የለውም፤ ያለው አንዲት መስኮት ነው። የፈለገ እንስሳ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይጠይቃል፤ አባ አስኳል ውስጥ ሠርተው መልሱን በመስኮት ይሰጡታል። አለቀ።

መስኮቱ የሚሰማው ደግሞ ጥቂት ቃል ነው። «ክፈት» ይላል እንስሳው። አባ አስኳል አንገቱ ላይ የታሰረችውን የፈቃድ ክታብ ዓይተው፣ የተፈቀደለት ከሆነ አንዲት ምልክት ይሰጡታል። ከዚያ ምልክቱን እያሳየ «አንብብ» ይላል፣ «ጻፍ» ይላል። ሲጨርስ ምልክቱን መልሶ «ዝጋ» ይላል። «ለሽማግሌ ‹ክፈት› ይባላል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ይባላል! እዚያ መስኮት ላይ «እባክዎ» አይሰማም፣ «ይክፈቱልኝ» አይሰማም። ቃሉ እንዲያ ነው የተሠራው።

አንድ ሌላ ቃል አለች፤ እሷን እንስሳቱ በአፋቸው ማንሳት አይወዱም። «ልሂድ» ትባላለች። ልሂድ ያለ ከግቢው ይወጣል። በስሙ የተከፈተውን ሁሉ አባ አስኳል ራሳቸው ይዘጋጋሉ፤ እሱ ግን ያየውን የሰማውን ረስቶ ይወጣል። ወይዘሮ የሺመቤት ዳግመኛ ከጠሩት ዛሬ እንደተወለደ ሆኖ ይመጣል። ካልጠሩት በዚያው ቀረ።

እና አንድ የክረምት ጠዋት ነው። ነፋስ የመብራት ምሰሶውን ጥሎት መንደሩ መብራት ካጣ ሰንብቷል። የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ዓይንአዲስ ምጥ ይዟት ከተማ ሐኪም ቤት ገብታለች። ወንዙ ሞልቶ እናትየው መሻገር አልቻሉም። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና እንዲህ አሏት።

«አደራሽን። ልጄ ተገላገለች እስኪሉኝ ድረስ እንዳትጠፊብኝ። አደራ!»

ግቢው ሁሉ ሰማ። አሮጊቷ ባትሪም ሰማች።

«ወገቤ ተቆርጧል፣ ግን እሞክራለሁ። ብቻ እናንተ ዝም ብላችሁ አትጥሩኝ» አለች።

«እሺ!» አሉ እንስሳቱ። ከሁሉ ጮክ ብላ እሺ ያለችው አብሪ ነበረች። አደራ ሲሏት ደስ የሚላት ነገር ነች።

እመት ጦጣ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረባት። እሷን የጎረቤት ልጆች ናቸው ስልኩ ላይ ጭነዋት የሄዱት። ወይዘሮ የሺመቤት አንድም ቀን ተጫውተውባት አያውቁም። እንዲያውም በቀደም «ይቺን ዝንጀሮ ነገር ማን ባጠፋልኝ!» ሲሉ ሰምታለች። ዝንጀሮ መባሉ ራሱ አንገብግቧታል፤ መጥፋቱ ደግሞ እንቅልፍ ነስቷታል።

«ድምቅ ብዬ አንዴ ብታይ ይወዱኝ ነበር። መብራቱን እንደ ልቤ ባስጨፍረው!» አለች። ተነሥታም መስኮቱ ጋ ሄደች።

«ጤና ይስጥልኝ አባ አስኳል! ጌታዬ፣ የግቢያችን ጥላ! እባክዎ መብራቱን ይክፈቱልኝ።»

መስኮቱ ጭጭ አለ።

«ኧረ አባቴ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ!»

ጭጭ። እመት ጦጣ ተናደደች፣ በመጨረሻም «ክፈት!» አለች። አባ አስኳል ወዲያው አንገታቸውን ብቅ አድርገው አንገቷን አዩ።

«መብራት አልተፈቀደልሽም» ብለው ተመለሱ።

ዞር አለችና ድምጿን አቅጥና እንደ እርግብ መጣች። «ግሩሩ፣ ግሩሩ! እርግብ ነኝ፤ ክፈት!»

«ድምፅ አላይም፣ አንገት ነው የማየው። አልተፈቀደልሽም» አሉ አባ አስኳል።

በዚህ መሃል ወይዘሮ የሺመቤት ዶሯቸው የት እንደገባች ጠፋባቸው። ጨለማው ጓዳ ውስጥ ሊፈልጓት ስልካቸውን አውጥተው አብሪን ጠሯት። አብሪ በርራ መስኮቱ ጋ ደረሰች። «ክፈት» አለች፤ ምልክቷን ተቀበለች። «ጻፍ፦ ብራ» አለች። መብራቱ ቦግ አለ። ዶሮዋ ከአንድ አሮጌ እንቅብ ውስጥ ተኝታ ተገኘች። ወይዘሮ የሺመቤት ስቀው ስልኳን አጠፋሁ ብለው ነካ አደረጉና መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጧት።

አብሪ «ዝጋ» ልትል ስትሮጥ እመት ጦጣ መንገድ ላይ ያዘቻት።

«ወዴት ነው ሩጫው?»

«ልዘጋ ነዋ።»

«አንቺ ሞኝ! አሁን ትዘጊያለሽ፤ ቆይተው ደግሞ ዶሮዋን ልያት ብለው ይጠሩሻል፤ ደግሞ ‹ክፈት› ልትዪ ትሰለፊያለሽ። ምልክቱን ይዘሽ ቁጭ አትዪም? በጠሩሽ ሰዓት ዝግጁ ነሽ። ‹አይ አብሪ፣ እንዴት ያለች ቀልጣፋ ናት!› ነው የሚሉሽ።»

አብሪ ቆመች። ቀልጣፋ መባል ማን ይጠላል?

«ግን እኮ መብራቱ እንደበራ ነው» አለች።

«በመቀነት ውስጥ ማን ያየዋል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አላየውም። ወይዘሮ የሺመቤት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ፤ መቀነታቸው ውስጥ መብራቱ ቦግ ብሏል። ጎናቸውን ሞቅ ሲላቸው «ጭንቀቱ ነው እንዲህ የሚያተኩሰኝ» አሉ እንጂ ስልኳን አልጠረጠሩም።

ከድንጋይ ቤቱ ውስጥ የባትሪ ድምፅ መጣ። «ኧረ ጎበዝ! ማነው እንዲህ የሚመጠኝ?»

አብሪ ደነገጠች። «አሁንስ እዘጋለሁ» አለች።

«ቆይ፣ ቆይ! ከመዝጋትሽ በፊት ምልክቷን አንዴ ልያት፤ ማየት ብቻ» አለች እመት ጦጣ። አብሪም ሰጠቻት። የዋህ ናት ስላችሁ!

ጦጣ ምልክቷን መንጭቃ መስኮቱ ጋ ደረሰች። «ይኸው ምልክት! ጻፍ፦ ጨፍር!»

አባ አስኳል ምልክቷን አዩ፣ ጦጣንም አዩ። «ይህ የአብሪ ነው። በአንቺ እጅ ሲሆን ምንም አይደለም።»

በዚህ ጊዜ እመት ጦጣ ብልጭ አለባት። «ለአንድ መብራት ነው ይህ ሁሉ? ራሴ ገብቼ እነካዋለሁ!» ብላ በግድግዳው ላይ ተንጠላጠለች። «ተይ!» አለች እርግብ። «ተይ!» አለች አብሪ። እሷ ግን ዘለለች።

ያንን ግድግዳ ዘሎ የገባ የለም። እግሯ የውስጡን መሬት ሳይነካ፣ ግው! አለ። እመት ጦጣ ከግቢው ተወርውራ ወጣች፤ ከነትዝታዋ፣ ከነጭንቀቷ፣ በእጇ ከያዘቻትም ምልክት ጋር። በስሟ የተከፈተ ነገር ስላልነበረ አባ አስኳል የሚዘጉት አልነበራቸውም። መብራቱ በአብሪ ስም ነው፤ እንደበራ ቀረ።

አብሪ መስኮቱ ጋ ሮጠች። «ዝጋ!»

«ምልክትሽን።»

«ጦጣ ይዛው ጠፋች።»

«ያለ ምልክት አልዘጋም።»

«አባ አስኳል፣ እኔ እኮ ነኝ! ያውቁኛል። በየቀኑ እመጣለሁ!» አለችና አለቀሰች።

አዛውንቱ ኤሊ አንገታቸውን ረዘም አድርገው አዩዋት። «አውቅሻለሁ ልጄ። ግን ዛሬ ለአንቺ ብዬ ያለ ምልክት ከዘጋሁ፣ ነገ እርግብ ወሬ እያቀበለች ሳለ ሌላው መጥቶ ‹ዝጋ› ይለኛል። የማውቀው ነው፣ ወዳጄ ነው እያልኩ የምሠራ ብሆን ይህ ግቢ አንድ ቀን አያድርም።»

ከውስጥ ባትሪ አቃሰተች። «አደራው… ልወድቅ ነው እኮ… ልጅቷ ሳትደውል…»

ወይዘሮ የሺመቤት ምስሩን ትተው መንገዱን ማየት ጀምረዋል። «ምነው ዝም አሉኝ? ደህና አይደለች ይሆን?» ይላሉ ለብቻቸው።

አብሪ ሰማቻቸው። «ሌላ ቃል የለም?» ብላ ጠየቀች።

«አንዲት አለች። ታውቂያታለሽ» አሉ አባ አስኳል።

ታውቃታለች። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ልሂድ ካለች መብራቱ ይዘጋል። እሷ ግን አደራውን ትረሳለች፣ እርግብን ትረሳለች፤ ወይዘሮ የሺመቤት ካልጠሯትም በዚያው መቅረቷ ነው። እርግብ ጋ ሄደች።

«እርግብዬ፣ ከተመለስኩ አላውቅሽም። እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች እርግብ።

«ዓይንአዲስ ምን እንደወለደች ብቻ ንገሪኝ። ማን እንደሆነች ባላስታውስም ንገሪኝ።»

እርግብ ክንፏን ዘርግታ አቀፈቻት። «እነግርሻለሁ፣ እሙዬ።»

አብሪ መስኮቱ ጋ ተመለሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «ልሂድ» አለች።

ሄደች። አባ አስኳል በስሟ የተከፈተውን ዘጉ። በመቀነቱ ውስጥ መብራቱ ድርግም አለ። ባትሪ ትንፋሽ ወሰደች፤ ክር የምታህል ትንፋሽ።

ከዚያ አንቴናው ተነቃነቀ። እርግብ መስኮቱ ጋ በርራ «ክፈት! አንብብ!» አለች። ስልኳ ጮኸች። ወይዘሮ የሺመቤት ምስሩን ደፍተው አነሡ።

«እማማ! ተገላገለች! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» አለ አማቻቸው።

«እልልልል!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ እያለቀሱ እልል አሉ። እርግብም ቶሎ «ዝጋ» አለች። ባትሪ ክሯን እንደያዘች ቀረች።

ወደ አመሻሹ ወንዙ ጎደለ። አማቻቸው ፓወር ባንክ ይዞ ሊወስዳቸው መጣ፤ ስልኳ ላይ ሰካላቸው። ባትሪ «እፎይ!» አለች። ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ሊያወጡ ጓዳ ገቡ፤ ጓዳው እንደ ወትሮው ጨለማ ነው። መብራት ጠሩ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ አብሪ ትል ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አየች፤ አንዱንም አላወቀችም። መስኮቱን ግን አገኘችው፤ መንገዱ አብሯት የተሠራ ነው። «ክፈት» አለች። «ጻፍ፦ ብራ» አለች። ነጠላው እንደተገኘ በርራ ሄደችና «ዝጋ» አለች። ያኔ አንዲት እርግብ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሴት ናት» አለቻት እርግብ።

«ማን?»

«የዓይንአዲስ ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

አብሪ ዓይንአዲስን አታውቃትም። ግን ደስ አላት፤ ለምን ደስ እንዳላት አላወቀችም።

«እኔ የት ነበርኩ?» አለች።

ከመስኮቱ ውስጥ፣ ያልተጠየቁትን የማይመልሱት አባ አስኳል፣ ያን ቀን ሳይጠየቁ መለሱ።

«ዘግተሽ ነው የሄድሽው፣ ልጄ።»

እመት ጦጣስ? ወይዘሮ የሺመቤት የልጅ ልጄ ከፍ ስትል ትጫወትባት ብለው ሳያጠፏት ቀሩ። የጎረቤት ልጆች ሲጠሯት ተመልሳ መጥታለች፤ ምንም አታስታውስም። አሁንም መስኮቱ ጋ «እባክዎ ጌታዬ» ስትል ትውላለች።

በሉ ልጆች፣ የከፈታችሁትን ዝጉ። ሳትዘጉ ስትሄዱ የምትጨርሱት የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ አይደለም።

እኔም ክፈቺ ብላችሁኝ ከፍቼ ነበር። ዘጋሁ።