አሥራ ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ሸራ

አንድ አናጢ ነበረ። ሚስትና አሮጊት እናት ነበሩት።

ውብሸት፣ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። «ፓርቲያችን ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ምርጫ እንግባ ይላል፣ ግማሹ አንግባ ይላል፤ እውነቱ ያለው ከኛ ጋር ነው፤ ለብቻችን ብንቀጥል ምን ይለናል?» ነው ያልከኝ። ፓርቲ የሚባለውን አላውቅም። ሰፈር ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ የአናጢውን ነገር ስማና ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ።

በአናጢው ሰፈር አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዳኛ እሱ ነው። የእድሩ ድንኳን በእሱ ጓሮ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በእሱ ወገብ። ሰው ሲሞት ለወደደው ድንኳኑ ሬሳው ሳይገነዝ ይደርሳል። ላልወደደው «ሌላ ለቅሶ ላይ ነው» ይባላል።

አንድ ዘበኛ በስብሰባ መሐል ተነሥቶ፣ «ዳኛ የሚቀየረው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዓመቱ ዘበኛው ሞተ። ድንኳኑ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ሚስቱ ባሏን በጠራራ ፀሐይ አለቀሰች። የአናጢው እናትም እዚያ ለቅሶ ላይ ነጠላዋን አራት አጥፋ አናቷ ላይ ጥላ ዋለች። ቤቷ ስትመለስ ልጇን ጠራችው።

«ስማኝማ፣ እኔ ስሞት ሰው እንዲህ አናቱ ላይ ጨርቅ ጥሎ እንዳይቀመጥብኝ።»

«እማዬ ደግሞ፣ ምን ያስቸኩልሻል?»

«አልቸኮልኩም፤ እየነገርኩህ ነው። የዚያን ሰውዬ ድንኳንም ደጄ እንዳታስተክል። ብዙ አልጠየቅሁህም፣ ሁለት ነገር ነው።»

አናጢው ማለላት።

በዘበኛው ለቅሶ አንጀቱ ያረረ እሱ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ሁለት አባወራ በሹክሹክታ ተጠራራና የራሳችን ድንኳን ይኑረን ተባባለ። ሸራውን የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ተገኘ። ይህ ልብስ ሰፊ የአናጢው የልጅነት ጓደኛ ነው፤ በአሮጊቷ እጅ በልቶ ያደገ፣ ቤቱም ከነሱ ሦስት ቤት አልፎ ነው። አርባ ቀን ሙሉ ሸራ ሲሰፋ ጣቱ ቆሰለ። አናጢው ደግሞ አሥራ ሁለት የጽድ ምሰሶ ልጎ ልጎ፣ እጅ ሲነካው እስኪንሸራተት አለሰለሰው።

አንድ እሑድ አናጢው ግቢ ውስጥ ለሙከራ ተከሉት። ልክ ገባ። አሮጊቷ ወንበሯን አስጎትታ መሐሉ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«ውይ፣ ሰርግ አስመሰላችሁት! ይሄንን አይቶማ ሰው ሳይሞትም ይመጣል» አለች። ሁሉም ሳቀ።

ጠቡ የተጀመረው እዚያው፣ በዚያው ሸራ ሥር ነው።

አናጢው፣ «በሉ ነቅለን እናስቀምጠው» አለ። «የኅዳሩ ጠቅላላ ስብሰባ እስኪደርስ ትንፍሽ አንበል። ያን ቀን ሜዳው ላይ እንተክለዋለን፤ ሰው ያየዋል፤ ሰውየውን በድምፅ እናወርደዋለን። ዛሬ ከእድሩ ከወጣን ድምፃችንም አብሮን ወጣ ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊው፣ «እጁን የሚቆጥረው ማን ሆነና?» አለው። «ያ ሰውዬ ቆጥሮ ተሸንፎ ያውቃል? ዛሬውኑ እንውጣ። ከሠላሳ ሁለቱ ቤት ሰው የሞተበት ቀን የራሳችንን እንተክላለን። ሰው እንደሆነ ጥላ ወዳለበት ይመጣል።»

ሁለቱም ያሉት ልክ ነበር። ክፋቱም እሱ ነው። አንዳቸው ቂል ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«ፈርተህ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«አንተ ደግሞ ለመታየት ቸኩለህ ነው።»

«ካልፈራህማ ዳኝነቱን ለራስህ ፈልገኸዋል! እስከ ኅዳር የምታስጠብቀን ወንበሩ ላይ ጉብ ልትል ነው።»

ልብስ ሰፊው ሸራውን ከምሰሶው አወረደና አጥፎ ተሸከመው።

«ይህ የእኔ ላብ ነው። አንተ ምሰሶህን አቁመህ ተሳለመው።»

«አንተም ሸራህን ተከናንበህ ተኛ!»

አሮጊቷ ከወንበሯ አልተነሣችም ነበር። ሸራው ከላይዋ ሲነሣ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወደቀ። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሁለቱንም ትክ ብላ አየቻቸው። እነሱ አላዩአትም።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ስድስቱ ከሸራው፣ አሥራ ስድስቱ ከምሰሶው ጋር ሆነ። ቦኖ ውኃ ላይ ሴቶቹ ጀርባ ተሰጣጡ። የአንዱ ልጅ ክርስትና ሌላው ቀረ። ወሬው ለዳኛው ደረሰ፤ በዚህ ሰፈር ምን የማይደርስ ወሬ አለ? ሰማና ዝም አለ። ከዘበኛው ለቅሶ ወዲህ ዳኛውም የተማረው ነገር ነበር።

ሐምሌ በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አሮጊቷ ሞተች።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና በጠዋቱ አናጢው በር ላይ መጣ። «ዳኛው ድንኳን ይውጣ ወይ ብለዋል» አለ። ለዘበኛው ያልተጠየቀው ለአናጢው ተጠየቀ።

አናጢው፣ «አይውጣ። የራሳችን አለን» አለ።

ምሰሶዎቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሸራው ግን ሦስት ቤት አልፎ ነው። ሐምሌ ነውና ዝናቡ በየቀኑ ከስድስት ሰዓት አያልፍም። የአሮጊቷ ዘመዶች ከገጠር በእግር እየመጡ ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል።

«ላክበት» አለችው ሚስቱ።

«እሱ አይመጣም? የሞተችው ማን ናት? በእጇ አልበላም?»

«እሱም እስክትጠራው እየጠበቀ ይሆናል።»

«ጠብቆ ጠብቆ ይወጣለታል።»

አንዲት አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ነበረች፤ እግሯ የማያርፍ። ማንም ሳይልካት ተነሥታ ልብስ ሰፊው ቤት ገባች። ልብስ ሰፊው ጥቁር ለብሶ፣ የታጠፈው ሸራ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ አገኘችው።

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ? ተሸከመውና ተነሣ እንጂ!»

«ይጥራኝ። ስሜን ጠርቶ ና ይበለኝ፤ በሩጫ እመጣለሁ» አለ። እሷ ልትወጣ ስትል ግን ጨመረበት። «ዛሬ ከተከልነው ደግሞ ከእድሩ ዛሬ ወጣን ማለት ነው። ይህንን በሰው ፊት ይናገር።»

ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ ብትሄድ ምን ነበረበት? ሁለቱንም አደረሰች።

አናጢው ጮኸ። «በእናቴ ሬሳ ላይ ስብሰባ ሊጠራ ነው? በይ ንገሪው፣ እስከ ኅዳር እጠብቃለሁ ካለ ይምጣ።»

እሷም ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። አምስት ሰዓት ሆነ። ከተራራው በስተጀርባ ደመናው እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ተነሣ።

አናጢው ለሚስቱም ለጎረቤትም ያልነገረው አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ነበር። ጓደኛውን ሊጠራው ይፈልጋል። ስሙ ምላሱ ላይ ነው። ግን ከኋላው አሥራ ስድስት አባወራ ቆሟል፤ ዛሬ ከጠራው «ተንበረከከ» ይሉታል። እና አንድ ብልኀት የመሰለው ነገር መጣለት። አሥራ ሁለቱን ምሰሶ ደጁ ላይ ተከላቸው፤ ገመዱንም ወጠረ። ጓደኛው በአጥሩ በኩል ባዶ ምሰሶ ሲያይ አንጀቱ አይችልም፣ ሸራውን ይዞ ይመጣል ብሎ ነው።

ልብስ ሰፊው በአጥሩ በኩል አየ። «ምሰሶ ካቆመማ ሸራ ከሌላ ቦታ አግኝቷል» አለ። ተመልሶም ሸራው ላይ ተቀመጠ።

የገጠሮቹ ዘመዶች ደረሱ። አንዱ ሽማግሌ ምሰሶዎቹን ሽቅብ አየና፣ «ምን ሊሠሩ ነው፣ ጎተራ ነው?» አለ። የሚስቅ ጠፋ። ሰው በባዶ ምሰሶ መሐል አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ።

ይኸኔ ዳኛው መጣ። ዣንጥላውን ይዞ፣ ስምንት ጎረምሳ አስከትሎ፣ የተጣጣፈውን የእድር ሸራና አሮጌ ምሰሶዎቹን አሸክሞ መጣ። ደጁ ላይ ቆመና አዲሶቹን ምሰሶዎች አንድ በአንድ አያቸው። አንዱን በመዳፉ ዳበሰው።

«የኛን ምሰሶ መልሱት» አለ ለጎረምሶቹ። «እዚህ የተሻለ አለ።» ከዚያ ወደ አናጢው ዞረ። «እጅህ ይባረክ ልጄ። ላልብሰው?»

አናጢው አይሆንም ሊል ነበር። ዓይኑ ግን የእናቱ ታናሽ እህት ላይ አረፈ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት፤ ነጠላዋን አራት አጥፋ አናቷ ላይ ጥላዋለች፤ ውኃው በአገጯ ይወርዳል።

አናጢው ገመዱን ራሱ ይዞ ወጠረላቸው።

አሮጌው ሸራ በአዲሱ ምሰሶ ላይ ወጣ። በሦስት ቦታ ያፈስ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ከሥሩ ገባ። ማን ማንን እንደሚቃወም በዚያች ሰዓት ያስታወሰ የለም። «ዳኛችን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ያለች ሴት ግን ነበረች። ከሠላሳ ሁለቱ ቤት የአንዱ ሚስት ናት።

ልብስ ሰፊው ዝናቡን ሲሰማ አልቻለም። ሸራውን ታቅፎ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አሮጌውን ሸራ አየና ቆመ። ዳኛው ተነሥቶ ተቀበለው።

«ደግ አደረግህ፤ ጭቃው አስቸግሮን ነበር። በሉ ተቀበሉትና ከሥር አንጥፉት።»

የአርባ ቀን ልፋቱን ሰው በጭቃ እግሩ ቆመበት። አናጢውና ልብስ ሰፊው በሰው ጭንቅላት ላይ ተያዩ። አሁን ስም መጥራት ምንም አይፈይድም ነበር።

ኅዳር ደረሰ። በጠቅላላ ስብሰባው ዳኛው ብድግ አለና፣ «ሌላ ዳኛ ይመረጥ የምትሉ እጅ አውጡ» አለ። አናጢው እጁን ጉልበቱ ላይ አየው። የእናቱን ለቅሶ ከዝናብ ባስጠለለ ሰው ላይ እጁ አልነሣ አለው። ልብስ ሰፊው ጫማውን ያይ ነበር። እጇን ያወጣችው የዘበኛው ሚስት ናት። ብቻዋን። የምታየው ደግሞ ዳኛውን አልነበረም፤ ሁለቱን ነበር።

ይኸውልህ፣ ውብሸት። አናጢው አንተ ነህ። ልብስ ሰፊው ያ ከአንድ ሳህን አብሮህ ሲበላ የኖረው ጓደኛህ ነው። የዘበኛው ሚስት ደግሞ ለሷ ብላችሁ የተነሣችሁላት ሰው ናት፤ እጇን አውጥታ የምታያችሁ። ማን ልክ ነው ብለህ ነው የመጣኸው። ሁለታችሁም ልክ ትሆናላችሁ፤ ልክ መሆን ግን ከዝናብ አያስጠልልም። ሰው ውኃ ሲወርድበት በክርክሩ ማን ረታ አይልም፤ ሸራ የተዘረጋበትን አይቶ ይገባል። ዳኛው ጠንካራ ሆኖ እንዳይመስልህ። ሸራው እስከ ዛሬ ያፈሳል። የቆመው በአናጢው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶዎቹንም አልመለሰም።

እንግባ አንግባ ተባባሉ፣ ተጨቃጨቁ፣ ካሻችሁ ተሰዳደቡ። ሸራውን ከምሰሶው ሳታወርዱ ግን ይሁን።

አሁን ተነሥ። የጓደኛህን ቤት ታውቀዋለህ፤ ሰማዩም ገና አልጠቆረም። ስትሄድ «እንዲህ ካልክ» የሚል ነገር ይዘህ አትሂድ፤ መልእክተኛም አትላክ፣ እኔንም ጭምር። ራስህ በሩ ላይ ቁምና ስሙን ጠርተህ «ና» በለው።