«የቤቱ ሽታ ነው»

አንድ ሰው ነበረ፤ የዳቦ ፋብሪካ የምድጃ ኃላፊ። ጠዋት ጠዋት ያለ እርሱ ፈቃድ ማንም ክብሪት አይጭርም። ይገባል፣ ከጋዙ ቧንቧ አጠገብ ቆሞ አየሩን ይስባል፣ «ለኩሱ!» ይላል። ሠራተኛው ሁሉ በዚያ አፍንጫ ያምናል። እርሱም ያምናል።

አንድ ቀን ትርሲት የምትባል የደኅንነት መሐንዲስ ካሜራ ይዛ መጣች። በኢንፍራሬድ የሚሠራ፣ ዓይን የማያየውን ጋዝ የሚያሳይ ካሜራ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይለኮስ። ገና ከበሩ ጋዝ ሸቶኛል።»

«እሱ የቤቱ ሽታ ነው፣ ልጄ። እኛ እዚሁ ነው የምንውለው።»

«ካሜራ ደግሞ መቼ አፍንጫ አወጣ?» አለ አንዱ ጋጋሪ። ሠራተኞቹ ሳቁ።

የሰውየው ደም ፈላ። በሰው ፊት! ያውም ልጁ የምትሆን ሴት! ወደ ምድጃው ዞረ። ክብሪቱን ይዛ ቃሉን የምትጠብቀው የገዛ ልጁ ስመኝ ናት። አፉን ሲከፍት ትርሲት ስክሪኑን ፊቱ ላይ ደቀነችበት።

አየ። በገዛ እጁ ካጠበቀው መገጣጠሚያ እንደ ጭስ ያለ ነገር ይወጣል። ቁልቁል ይወርዳል። ወለሉ ላይ ተኝቶ የልጁን እግር ከቧታል። ዓይኑን ከስክሪኑ አነሣ፤ ምንም የለም። ወደ ስክሪኑ መለሰው፤ ጋዙ አለ።

«ስመኝ! እንዳትጭሪው! ይዘሽው ውጪ!»

ቫልቩ ተዘጋ። በርና መስኮቱ ተከፈተ። ሰውየው ግቢው ውስጥ ልጁን አቅፎ ይስቃል፣ ያለቅሳል። «አባዬ፣ አነቅኸኝ እኮ!» ብትለውም አልለቀቃትም።

«አንቺ ልጅ፣ ልመታሽ ነበር» አላት ትርሲትን።

«አውቄያለሁ፣ ጋሼ። ካሜራውን ጠበቅ አድርጌ የያዝኩት ለዚያ ነው።»

እናንተስ፣ እዚህ የተቀመጣችሁ? ጋዙ መሽተት አቁሞ ነበር? አላቆመም! አፍንጫው ነው የለመደው። ሐሜቱን «ጨዋታ ነው»፣ ጉቦውን «የሥራው ጠባይ ነው»፣ ኩርፊያውን «በዘራችን ያለ ነው» የምትሉ፣ መቼ ነው የለመዳችሁት?

የነገራችሁን ሰው ደግሞ «አትፍረድ ተብሏል» ብላችሁ በጥቅስ ትመቱታላችሁ። ቃሉን መሸሸጊያ ታደርጉታላችሁ! ጋዙን ያመጣው ካሜራው ነው? መልሱልኝ እንጂ!

ግን ደስ ይበላችሁ፣ ወገኖቼ። ታየ ማለት ጠፋን ማለት አይደለም። ታየ፣ ተዘጋ፣ ልጅቱ ተረፈች። እግዚአብሔር ጉድለታችንን የሚያሳየን ሊያዋርደን አይደለም። ሊያተርፈን ነው።

እንግዲህ ያ ጉድለታችሁን ስለ ነገራችሁ ያኮረፋችሁት ወንድም ዛሬም መጥቷል። ከኋላ፣ ምሰሶው ሥር ተቀምጧል፤ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ጸሎቱን አቆይላችኋለሁ። ተነሡና ወደ እርሱ ሂዱ።