ሹፌሩ የተሳፈሩበት እሑድ

አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ አቶ ሽብሩ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድም በዓልም ሳይሉ፣ ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ልጃቸው ውቢት መኪና የገዛች ሰሞን ታዲያ መጣችና፣ «አባባ፣ የፊታችን እሑድ ቢሾፍቱ ወስጄ ሐይቅ ዳር ምሳ እጋብዝዎታለሁ» አለቻቸው።

እሑድ ጠዋት አቶ ሽብሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ግን አላስቻላቸውም። ከፊት ያለው መኪና በቆመ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። «ቀስ በይ፣ እግረኛ ገባብሽ!» ይላሉ። «ያ ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ሊታጠፍ ነው፤ ተጠንቀቂ!»

ውቢት መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባባ፣ በፈጠረዎት ዛሬ እንኳ ይረፉ! የምነዳው እኔ ነኝ።»

አቶ ሽብሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ሲቆሙ አንድ የከተማ አውቶቡስ ከጎናቸው መጥቶ ቆመ። መስኮቱ ዳር የተቀመጠች ሴት አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ምንም ሳትቸኩል ከተማውን ታያለች። አቶ ሽብሩ እሷን እያዩ ቆዩና እንደሚያፍር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቅር ካላለሽ ምሳው ይቅርና በአውቶቡስ እንዙር» አሉ።

«በአውቶቡስ? ሠላሳ አንድ ዓመት አልሰለችዎትም?»

«ነዳሁት እንጂ ተሳፍሬው መቼ አውቃለሁ?»

ውቢት ከፋት፤ ስንት ቀን ያሰበችበት ምሳ ነው። የአባቷን ፊት ስታይ ግን እምቢ ማለት አልሆነላትም። መኪናዋን ጥግ አስይዛ አቆመችና ፌርማታው ላይ ጠብቀው ተሳፈሩ። የእሑድ አውቶቡስ ነውና ክፍት ወንበር አልጠፋም፤ አባቷን መስኮት ዳር አስቀመጠቻቸው።

አቶ ሽብሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው ያዩ ጀመር። «ያን የእንጨት ሰገነት አየሽው? በቀን ስምንት ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ። አበባ እንዳለው ዛሬ ገና አወቅሁ!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ያዩ ነበር?»

«አስፋልቱን ነዋ! የሰው እግር። ደግሞ በመስታወቱ፣ የወረደው ሁሉ በደኅና መሬት እስኪረግጥ።»

ያኔ ውቢት ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የቆየውን አወጣችው። «እሑድ እሑድ የጎረቤት ልጆች ከአባታቸው ጋር ሲወጡ እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ እል ነበር። ከእኔ ጋር መሆን አይወዱም ብዬ ነው ያደግሁት።»

አቶ ሽብሩ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«ልጄ፣ እሑድ እሑድ አውቶቡሱ በልጆች ይሞላ ነበር። አባታቸው ጭን ላይ ሆነው ሲንጫጩ ከኋላዬ እሰማለሁ። አንዷ ‹አባባ› ባለች ቁጥር አንቺ ትመስይኝ ነበር። ዞሬ እንዳላይ ግን የሰው ነፍስ ይዣለሁ።»

ውቢት ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርደው የተጠበሰ በቆሎ ገዙ። ቆመው እየጋጡ፣ በአፋቸው ዙሪያ ጥላሸት ተቀብተው እርስ በርስ ሲተያዩ ሳቃቸው መጣ። ሲመለሱ ሽማግሌው ጥቂት ካዩ በኋላ ዓይናቸው ተከደነ። በሚሄድ መኪና ላይ ሸለብ አድርጓቸው የማያውቀው ሰው የልጃቸው ትከሻ ላይ አንቀላፉ። ትከሻዋ ቢደነዝዝም ውቢት ንቅንቅ አላለችም።

ወዳጄ፣ እኛ በደኅና የደረስነው ዓይኑን ከመንገዱ ያላነሣ ሰው ስለነበረን ነው። ያ ሰው ዞሮ ሳያየን ሲቀር ያልወደደን ይመስለናል፤ ዞሮ ያላየን ግን እኛኑ ተሸክሞ ነው። ዛሬ ውለታ ልንመልስ ስንነሣም እኛ ያማረንን እንሰጠዋለን እንጂ እሱን ምን እንዳመለጠው አንጠይቀውም። እርስዎስ፣ ለእርስዎ ሲል ብዙ ነገር ሳያይ ያለፈውን ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቀውት ያውቃሉ?