የአያ ጃርት ማሽላ

«ለሰጠ ይተካለት፣ ለወሰደ ይብቀልለት» ይል ነበር የአያ ኤሊ አባት።

ድሮ፣ ድሮ፣ ዘመን ስሙን ባስረሳው አንድ አገር፣ ከመንደሩ መሃል የወል የዘር ጉድጓድ ነበር። ያለው ያፈስበታል፣ ያጣው ይዝቅበታል። ልዝራው ቢል፣ ልብላው ቢል፣ ልሽጠው ቢል ማንም አይጠይቀውም። ያ ዘመን ደግ ነበር። ጠባቂው ሽማግሌው አያ ኤሊ ነው፤ ጉድጓዱንም ምርቃቱንም ከአባቱ ወረሰ። የሚያፈስም የሚዝቅም ሲመጣ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ለሰጠ ይተካለት፣ ለወሰደ ይብቀልለት» ይላል።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና ጉድጓዱ ሊያልቅ ደረሰ። አያ ኤሊ ጧት ማታ ሲጸልይ፣ አያ ጃርት ድርቅ የማይበግረው ማሽላ ተሸክሞ መጣ።

«እንካ አያ ኤሊ፣ በነጻ ነው። ዝሩት፣ ብሉት። ብቻ ነጋዴ እንዳይነካው። ዋጋ የተቀበለበት ከእኔ ጋር ተጣላ።»

«ጉድጓዱ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።»

«አምና ቀበሮ የኔን ዘር ወስዶ ለተራበ በማር ለወጠው። እኔ ደክሜ እሱ ይወፍር? ደግሞስ በነጻ ከሚሰጥህ ጋር ትከራከራለህ?»

አያ ኤሊ ጉድጓዱን አየ፣ የተራቡትን አየ፣ እሺ አለ። ማሽላው ፈሰሰና ከድሮው ዘር ጋር ተቀላቀለ። ሊመርቅ ሲል ግን «ለሰጠ ይተካለት» ብሎ ሌላውን ሳይለው ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ እመት አህያ መጣች። እሷ ከአያ ኤሊ አባት ዘመን ጀምሮ ከገደሉ ማዶ ላሉት ዘር የምታደርስ ናት፤ ለድካሟ ከየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ ትቀበላለች።

«ጫንልኝ አያ ኤሊ፤ ማዶ ደጅ ደጁን እያዩ ነው።»

«እፍኙን ትቀበያለሽ?»

«ታዲያ ዳገቱን በምርቃት ልወጣው?»

ከጉድጓዱ ጥግ የተቀመጠው አያ ጃርት እሾሁን አንኮሻኮሸ። «እፍኝም ዋጋ ነው።»

«እንግዲያው የድሮውን ዘር ስጡኝ» አለች።

አያ ኤሊ ጥቂት ዘገነ። የትኛው የጃርት፣ የትኛው የአባቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። መልሶ አፈሰሰው።

«ተዪው እሜቴ።»

«አባትህ ባየህ» አለችና ባዶ ጀርባዋን ይዛ ሄደች።

በዚያ ክረምት የመንደሩን ማሳ አንበጣ ወረረው፤ በጉድጓዱ የቀረውን ነቀዝ ፈጀው። ለአያ ጃርትም አንድ ዘለላ አልተረፈው። በአያ ኤሊ አባት ጊዜ እንዲህ ሲሆን ማዶ ከተዘራው ዘር ይመለስ ነበር። አያ ጃርት ገደሉን ወርዶ ወጣና የማዶዎቹን ዘር ለመነ።

«ከየት አምጥተን?» አሉት። «አህያን ስንጠብቅ ሳንዘራ ከረምን።»

አያ ኤሊ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ «ጌታዬ፣ አንተ ዝናብህን ስታወርድ የነጋዴውን ማሳ አትዘልም፤ እኔን ምን ነካኝ» እያለ ሲያለቅስ፣ ከሩቅ ቆላ የማያውቀው ግመል ጭነቱን ይዞ ደረሰ።

«አንበጣ ወረደባቸው ሲባል ሰምተን ነው» አለ። «የዚህ ዘር አያቱ ከዚህ ጉድጓድ የወጣ ነው ይላሉ። አንዲት አህያ ለእፍኝ ብላ አሻገረችው፣ ከማዶ ነጋዴ ገዝቶ እኛ ዘንድ አደረሰው።»

«አንተስ ምን ትጠይቃለህ?» አለ አያ ጃርት ቀስ ብሎ።

«ከጭነቱ አንዲት ቁና፤ የመንገዴን።»

አያ ጃርት እሾሁን አጠፈ። አያ ኤሊ ቁናዋን ሰፈረለት፤ የቀረውን ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰና ምርቃቱን እስከ መጨረሻው አለው።

«እኔም እኮ በነጻ ነበር የሰጠሁት፤ ነጋዴ እንዳይነካው ብቻ ነው ያልኩት» አጉረመረመ አያ ጃርት።

ግመሉ ባዶ ጆንያውን እየጠቀለለ ወደ አያ ኤሊ ዞረና እንዲህ አለው፦

«አባቴ፣ ገመዱን ሳይፈቱ የሰጡት በሬ ከሰጪው ደጅ አይርቅም።»