ለጤነኛ ሴት የመጣ ጠበል

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሹራብ ሠሪ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጣ የሕፃናት ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ በእጇ ትሠራለች። ወይንሸት እንበላት። እጇ የተባረከ ነው። ችግሯ እጇ ላይ አልነበረም።

ሰዎች "ቴሌግራም ክፈቺ፣ ሥራሽን አሳዪ" አሏት። ከፈተች። ምእመናን፣ የመጀመሪያውን ሰሞን ብታዩዋት! ጠዋት ፎቶ፣ ቀትር ላይ ፎቶ፣ ማታ ቪዲዮ። "ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን አደራችሁ" ትላለች። ቤተሰቡ በዛ፤ ትእዛዙም መጣ። ከዚያስ? ከዚያማ ዝም። አባቶች "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ያሉት ይህንን ነው። ዛሬ ፎቶው አላማረኝም፣ ነገ ኔትወርኩ አስቸገረኝ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በዓል ነው እያለች ሳምንቱን ወር አደረገችው።

መጥፋት ሲረዝም መመለሱ ያሳፍራል። ይህን የማያውቅ ማን አለ? ብዙ ጊዜ የቀረ ሰው ሰበብ ሳይዝ መግባት አይሆንለትም። ወይንሸትም ሰበብ ፈለገች። "ውድ ቤተሰቦች፣ ስለጠፋሁ ይቅርታ፤ አሞኝ ነበር። በጸሎታችሁ አስቡኝ" ብላ ጻፈች። ምን አመማት? ምንም! ማን ይጠይቃል ብላ ነው። ከሥር "እግዚአብሔር ይማርሽ" የሚለው ሲደረደር ትንሽ ቀፈፋትና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ጥቂት ቀን ለጠፈች፤ እንደገና ተወችው። አሁን ግን ዝምታዋ እንደ በፊቱ አልነበረም። አመመኝ ብሎ የጠፋ ሰው ቤተሰቡን ያሰጋል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይንሸት ሱቋ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀች፣ በስልኳ የሰው ቪዲዮ እያየች ትስቃለች። ለማየት ጊዜ አላት፤ ለመለጠፍ ነው የሌላት! ነጠላቸውን ያጣፉ፣ የመንገድ አቧራ የለበሱ አንዲት እናት መጥተው ከፊቷ ቆሙ። በአንድ እጃቸው ብርቱካን የሞላ ፌስታል፣ በሌላው የጠበል ጀሪካን ይዘዋል።

"ልጄ፣ እዚህ ጋ ሹራብ የምትሠራ ልጅ ታማብን ልጠይቃት መጥቼ ነበር" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ "ለመሆኑ በሕይወት አለች?"

የወይንሸት ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። እትዬ አረጋሽ ይባላሉ፤ ከደብረ ሲና ነው የመጡት። ለልጅ ልጃቸው በቴሌግራም ሹራብ አስልከው ነበር እንጂ ተያይተው አያውቁም።

"እኔ... እኔ ነኝ እማማ" አለች።

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳል ጀመራት! አዎ ምእመናን፣ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሰብስባ "እህ፣ እህ" አለች።

እትዬ አረጋሽ አገላብጠው ሳሟት። "እሰይ! እመቤቴ አላሳፈረችኝም! ስትጠፊብን ሞታ ይሆናል ብዬ አልቅሻለሁ። የክርስትና ስምሽን ላኪልን ብለን ብናጽፍ መልስ የለም። ስምሽን ሳላውቅ 'ያቺን ሹራብ ሠሪ ልጅ' እያልኩ አስጸልያለሁ። ለማርያምም ጃንጥላ ተስዬልሽ ነበር፤ ይኸው ስለቴ ደረሰ! ነገ ከቅዳሴ በኋላ አስገባለሁ፤ በሕዝቡም ፊት እመሰክራለሁ።"

በሕዝብ ፊት! እልልታው ሊቀልጥ ነው። በምን? በወይንሸት ውሸት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትልስ ማን ያውቅባታል? ማንም። እሳቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እሷም ደንበኛዋ አይጎድልባትም። እትዬ አረጋሽ ጠበሉን በኩባያ ቀድተው ሲዘረጉላት ግን እጇ አልታዘዝ አላት።

"እማማ፣ አላመመኝም" አለች። "ያኔም አላመመኝም። ሰንፌ ነው የጠፋሁት። መመለሱ ቢያሳፍረኝ ዋሸሁ።"

እትዬ አረጋሽ ኩባያውን እንደያዙ፣ ድካማቸው አሁን የተሰማቸው ይመስል በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ቤተሰቦቼ ስትዪን አልነበረም እንዴ?" አሉ። "ቤተሰብ እኮ ሰነፍኩ ቢሉት ይቆጣል፤ ይተወዋል። ታመምኩ ቢሉት ግን እንቅልፍ ያጣል፣ ልጄ።"

በጥፊ ቢመቷት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን ጠበሉን አጠጧት፤ "ለስንፍናም ይሆናል" ብለው። ሊሄዱ ሲነሡም፣ "ጃንጥላውን አስገባለሁ፤ ከአፌ የወጣ ነው። ምን ብዬ እንደምመሰክር ግን አንቺ ንገሪኝ" አሉ።

ወይንሸት ያንኑ ቀን ቻናሏ ላይ እውነቱን ጻፈች። ገሚሱ ሰደባት፤ ገሚሱ ቻናሉን ጥሎ ወጣ። ሰኞ ጠዋት እያፈረች ለጠፈች። ያለቀ ሹራብ ስላልነበራት አንድ እጅጌ ብቻ የወጣለትን ጅምር አሳየች። ማክሰኞ ደግሞ በላዩ የጨመረችውን። ማሳመር የለ፣ ግርግር የለ፤ ሱቅ ስትከፍት አንድ ፎቶ፣ ለጠየቃት ሰው መልስ፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ። እፍረቱ ሳይለቃት ልማዱ ያዛት።

ምእመናን፣ በወይንሸት ሳቃችሁ? ሳቁ፤ ግን ቀስ ብላችሁ። እኛስ ጾም ሲገባ የምንሮጥ፣ በዓሉ ሲያልፍ የምንጠፋ አይደለንም? ጸሎቱን ጥቂት ቀን እንተወዋለን። ከዚያ መቆሙ ያሳፍረናል። ከዚያ "ሥራ በዛብኝ" እንላለን። ለማን ነው የምንለው? ውሎአችንን ለሚያየው!

ሱቅ ያላችሁ፣ ቻናል የከፈታችሁ፣ እናንተም ስሙ። ደንበኛ የሰሞን ግርግራችሁን አይፈልግም፤ መኖራችሁን ነው የሚፈልገው። ትንሿን ነገር ዛሬ አድርጓት። ካለፈቻችሁም "አለፈችኝ" በሉ እንጂ በሽታ አትፍጠሩ።

ደግሞም እያንዳንዳችን የጠፋንበት ሰው አለ። እናት አለች፣ የንስሐ አባት አለ፣ ሳንመልስለት የቀረን ወዳጅ አለ። ስንት ጊዜ ስልኩን አንሥታችሁ መልሳችሁ አስቀመጣችሁት? ለምን? የሚያምር ምክንያት ስላጣችሁ። ይቅር ምክንያቱ! ማፈርን የሰጠ አምላክ እውነት የምንናገርበትንም አፍ ይስጠን። እያፈራችሁ ደውሉ። "ሰንፌ ነው የጠፋሁት" በሉ። ይቆጧችሁ። ነገም ደውሉ።