ግራዋ አለበት

ንብ ገደል በምትባለው መንደር ድግስ የተጠራ እንግዳ የመጀመሪያውን ብርሌ ሲቀበል፣ ቀጂዋ ብርሌውን ሳትለቅ «ግራዋ አለበት» ትለዋለች፤ እሱም «ሰምቻለሁ» ካላለ አትሰጠውም። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው እንደማንኛውም አገር ጠጅ ነው፤ ያ የመጀመሪያው ግን ፊት ያጨማድዳል። ከተሜ ይሄን ሲያይ ይስቃል። ይሳቅ፤ የሻረግን አያውቃት።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት የሻረግ የባላምባራስ ደምለው ሚስት ነበረች። ደምለው ከገደሉ ማር የሚያስቆርጥ፣ በጠጁ የሚኮራ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ላይ ግን ውሃ ጠጥቶ የማይረካ፣ በልቶ የማይወፍር ሆነና ከሳ፤ የሸናበት ቦታም ጉንዳን ይወረው ጀመር። ጎረቤቱ ቡዳ ነው አለ፣ ደብተራው ዓይነ ጥላ ነው አለ። የሻረግ ግን ታላቅ ወንድሟ ልክ እንደዚሁ ጉንዳን እየተከተለው መሞቱን አልረሳችም ነበር።

እንደሚነገረው አንድ ጊዜ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ፣ ሥራ በዝቶባት በደንብ ሳታለቀልቅ ጠጅ ጣለችበት። ጠጁ መረረ፤ ባላምባራስም እያጉረመረመ ጠጣው። በዚያው ሰሞን ጥማቱ ጋብ አለለት፣ ጉንዳኑም ጠፋ። ሴትዮዋ ነገሩ ገባት። ከዚያ ወዲህ ግራዋ እየወቀጠችና እየጨመቀች ለብቻው በተጣለለት ጋን ውስጥ ትጨምር ጀመር፤ ሰውየውም ሥጋ እየለበሰ መጣ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም፤ መድኃኒት ለታማሚው ከተነገረ ይረክሳል ብላ ያሳደገቻት እናቷ ናትና።

ኅዳር ሚካኤል ሲዘከር፣ ባላምባራስ የክርስትና አባቱን አለቃ ይመኑን ለማክበር ብሎ ከራሱ ጋን አስቀዳላቸው። አለቃ አንዴ ጎንጨት አሉና በሰው ፊት ተፉት።

«ልጄ፣ ይሄን ነው የምትጠጣው?»

«እኔስ አፌን ያመመኝ ነበር የመሰለኝ» አለ ባላምባራስ። ፊቱ ከሰል መሰለ። ሚስቱን አስጠራና እንግዳው ሁሉ እየሰማ «የሻረግ፣ ጠጄ ውስጥ ምንድነው የምትጨምሪው?» አላት።

የሻረግ የእናቷ ቃል ትዝ አላት። ብትናገር ሊረክስ ነው፤ ከረከሰ ደግሞ ባሏ እንደ ወንድሟ ሊሆን ነው።

«ይጠጡልኝ ብቻ፤ አይጠይቁኝ» አለች።

ምስኪን፣ ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። መርዝ ነው ተባለ። ሽማግሌ ተቀምጦ አፋታቸው፤ የለበሰችውን ይዛ ወደ አባቷ አገር ሄደች። ደምለውም ሌላ ጠጅ ጣይ አስመጥቶ ማር የበዛበት ጣፋጭ ጠጅ ይጠጣ ጀመር። ጉንዳኑ ተመለሰ። ሰውየው ለፋሲካ አልደረሰም፤ ሊሞት ሲልም «የሻረግ መርዛኝ ነው የምሞተው፣ ለልጅ ልጅ ንገሩ» ብሎ ተናዘዘ ይባላል።

በቀብሩ ዕለት የሻረግ መጣች። ከአልቃሾቹ አንዷ እንኳ ቦታ አልለቀቀችላትም። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ከመቀነቷ ውስጥ አንድ ጭብጥ ቅጠል አውጥታ መቃብሩ ላይ አስቀመጠችና «ግራዋ ነበር፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለች።

አለቃ ይመኑ ቅጠሉን አንስተው አኘኩት። ያ የተፉት ጣዕም ነው። «ታዲያ ያን ቀን ምናለ ብትናገሪ?» አሏት።

«እንዳይሞትብኝ ብዬ» አለች።

ያን ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ሥርዓቱን ያስጀመሩት አለቃ ራሳቸው ናቸው ይላሉ፤ እስኪሞቱም የመጀመሪያውን ብርሌ ከነምሬቱ ይጨልጡት ነበር። ዛሬ የተማሩ ሰዎች እየመጡ፣ ግራዋ የደም ስኳር ይቀንስ እንደሆን እንመረምራለን ብለው ቅጠሉን በከረጢት ይወስዳሉ፤ ገና አልጨረሱም። የጤና ጣቢያዋ ነርስም የታዘዘላችሁን መድኃኒት እንዳትተዉ ብላ ታስጠነቅቃለች። በንብ ገደል ግን ቀጂዋ ዛሬም ብርሌውን ጨብጣ ትቆማለች፣ «ግራዋ አለበት» ትላለች፣ እስኪመለስላትም ትጠብቃለች።